ፒክአፕ ወይስ ማይክ? የአንድ ቦክስ ጊታር ጉዳይ፣ ከደሴ ላውንጅ እስከ ኮምቦልቻ ድንኳን

ጉዳዩ የአንድ ቦክስ ጊታር ነው። ያማሃ ኤፍ 310። የብረት ክር ያለው፣ ፋብሪካው ምንም ኤሌክትሮኒክስ ያልገጠመበት፣ ብዙ ጀማሪ እጅ ላይ የምታዩት ዓይነት። ባለቤቱ ደሴ ውስጥ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። ዘፋኟ አለች፣ ኪቦርድ አለ፣ ከበሮ አለ፣ እሱ አለ። ቅዳሜና እሁድ ማታ ፒያሳ አካባቢ አንድ ላውንጅ ውስጥ ይሠራሉ። የሰርግ ወቅት ሲገባ ደግሞ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ድንኳን ውስጥ ይጫወታሉ። ስማቸው የሚወጣው በላውንጁ ነው። ኪሳቸው የሚሞላው ግን በሰርጉ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ምርጫውን የወሰነው እሱ ነው።

ችግሩ ደግሞ እንዲህ ነው። ጊታሩ አይሰማም። ድምፁ ከፍ ሲደረግለት ይጮሃል። ቀጭን ፉጨት ቢሆን ደግ ነበር። "ዉዉዉ" የሚል ወፍራም ጩኸት ነው፣ በልተኛውን ሁሉ ከሳህኑ ቀና የሚያስደርግ። የላውንጁ ባለቤት ጨዋ ሴት ናቸው። "ልጆቼ፣ ዘፈናችሁን እወደዋለሁ፤ ይሄ ነገር ግን እንግዳ እያስነሳብኝ ነው" አሏቸው። ከእሳቸው አፍ ይህን ያህል ከወጣ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

በዚህ መሀል የጊታሪስቱ እህት ከዱባይ ልትመጣ ሆነ። ሻንጣዋ ውስጥ አንድ ዕቃ ልትይዝለት ቃል ገባች። አንድ ብቻ። ልጁ ሌሊት ሌሊት ዩቲዩብ ላይ አፍጥጦ የፒክአፕ ሠሪዎችን ስም ሸምድዷል። ፒክአፕ ማለት ጊታሩ ላይ ተገጥሞ ርግብግቡን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ ነው። ፊሽማን፣ ኤልአር ባግስ፣ ኬ ኤንድ ኬ፣ ሲሞር ደንከን። ሁሉም ጥሩ ነው ተብሎለታል። "ጋሼ፣ የትኛውን ልበላት?" ብሎ መጣ።

የድምፅ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሰው ሁሉ ከስም ይጀምራል። እኔ መጀመሪያ ማወቅ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። ስትጫወት አጠገብህ ምን ይጮሃል? ገመዱስ ሄዶ የሚሰካው ምን ላይ ነው? እነዚህ ካልተመለሱ ውዱም ፒክአፕ ያው ነው። "አብሽር፣ መጀመሪያ ቦታውን ልየው" አልኩት።

የሚጮኸው ማን ነው?

የላውንጁ ወለል ሴራሚክ ነው። ፊት ለፊቱ ሙሉ መስታወት። ጣሪያው ዝቅ ያለ ኮንክሪት። መጋረጃ የሚባል የለም። ድምፅ እዚያ ክፍል ውስጥ አንዴ ከወጣ የሚያርፍበት አያገኝም። ይባስ ብሎ ቦታው ስለጠበባቸው ሁለቱን ስፒከሮች ከጀርባቸው አቁመዋቸዋል። ስፒከሩ በቀጥታ ማይኩ ላይ ይጮሃል። ማይኩ የሰማውን መልሶ ለስፒከሩ ይሰጣል። ስፒከሩ አጉልቶ ይመልሳል። ጩኸቱ ማለት ይኸው ዙር ነው።

ለጊታሩ የቆመው ማይክ ሹር ኤስኤም 58 ነው። ከ1966 ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ያለ፣ የዘፋኝ ማይክ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ዳይናሚክ ማይክ። ልጆቹ የጊታሩ ቀዳዳ ላይ ደግነውታል። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ድምፁ ከቀዳዳው የሚወጣ ይመስላልና። ከቀዳዳው በብዛት የሚወጣው ግን ጉምጉምታው ነው። ባዶ ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፋ የራሱ ድምፅ እንዳለው ሁሉ፣ እንዲህ ባለ ትልቅ ጊታር ገላ ውስጥ ያለው አየርም በ100 ሄርዝ (በሴኮንድ 100 ርግብግብ) አካባቢ የራሱ ድምፅ አለው። የፊቱ እንጨት ደግሞ በ200 ሄርዝ አካባቢ በኃይል ይርገበገባል። ስድስተኛው፣ ማለትም ወፍራሙ ክር፣ አምስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ሲያዝ 110 ሄርዝ ነው። ሦስተኛው ክር ባዶውን 196 ነው። ስለዚህ ጊታሩ ሊጮህ የተዘጋጀባቸው ቦታዎች ልጁ በየዜማው የሚረግጣቸው ኖታዎች ናቸው።

ጥፋተኛውን ለማወቅ ቻናሎቹን አንድ በአንድ ዘጋን። የዘፋኟን ዘጋሁ፣ ጩኸቱ አለ። የኪቦርዱን ዘጋሁ፣ አለ። የጊታሩን ስዘጋ ጸጥ። ይህን ሳያደርጉ ጊታር ላይ መፍረድ አይገባም። ብዙ ጊዜ ጊታሩ ጮኸ የሚባለው የዘፋኙ ማይክ ነው።

ከዚያ ልጁ ጊታሩን አቅፎ ምንም ሳይነካ እንዲቀመጥ አደረግኩ። የጊታሩን ቻናል ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግኩት። ስድስተኛው ክር ማንም ሳይነካው መርገብገብ ጀመረ። በዓይን ይታያል፣ ክሩ ወፍሮ እንደ ጥላ ይሆናል። ልጁ በመዳፉ ሲይዘው ጩኸቱ ቆመ። ሲለቀው ተመለሰ። "ኧረ ወላሂ ጂኒ አለበት" አለ ከበሮ መቺው። ጂኒው ከጀርባቸው የቆመው ስፒከር ነበር።

ገንዘብ የማይጠይቀውን አስቀደምን። ስፒከሮቹን ከተጫዋቾቹ ፊት አወጣናቸው፤ አንድ ጠረጴዛ መነሳት ነበረበትና ለምነን አስነሳን። ባለቤቷ ለመስታወቱ ወፍራም መጋረጃ ሰቀሉልን። ሞኒተሩን (ለተጫዋቾቹ የራሳቸውን ድምፅ የሚያሰማውን ስፒከር) ከዘፋኟ ማይክ ጀርባ አደረግነው። ይህ ማይክ ከጀርባው የሚመጣውን እምብዛም አይሰማም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሱፐርካርዲዮይድ የሚባለው የማይክ ዓይነት የማይሰማበት ቦታ ቀጥታ ጀርባው አይደለም፣ ወደ ጎን ዘወር ብሎ 126 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማይክ ቀይሮ ሞኒተሩን በቦታው የሚተው ሰው አዲሱ ማይክ ይጮሃል ብሎ ያማርራል።

የጊታሩን ማይክ ከቀዳዳው አንስተን አንገቱ ከገላው በሚገናኝበት በ14ኛው ፍሬት ፊት አቆምነው። ርቀቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ጊታሩን ጊታር ያስመሰለው ድምፅ ይህ ነበር። ልጁ ብቻውን አምባሰል ሲጫወት ጣቱ ክሩን ሲለቅ ሳይቀር ይሰማል።

ከበሮው ሲገባ ሁሉ ነገር ተበላሸ። የጊታሩን ቻናል ብቻ በጆሮ ማዳመጫ ከፍቼ ሳዳምጥ የምሰማው ከበሮ ነው። ጊታሩ ከኋላ የሆነ ቦታ አለ። ከበሮው የሚቀመጠው ከጊታሩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ ማይክ ደግሞ ጎረቤት አይመርጥም። ሌላም አለ። ልጁ ዜማው ሲይዘው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል። 15 ሴንቲ የነበረው ርቀት 30 ሲሆን ድምፁ በ6 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ያንን ለማካካስ ድምፁን ስጨምር ወደ ጩኸቱ እንመለሳለን። ቀጥ ብለህ ተቀመጥ ብትለው ይቀመጣል፣ ግን እንደ ወታደር ይጫወታል።

"ኮንደንሰር ማይክስ?" አለ። ስቱዲዮ ውስጥ ቢሆን እሺ። ከሚክሰሩ 48 ቮልት ፋንተም (በማይኩ ገመድ የሚላክ ኤሌክትሪክ) ይሰጠዋል፣ የእንጨቱን ትንፋሽ ሳይቀር ይይዛል። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን የማንኪያውንም ይዞ ይመጣል።

ጊታር በጎረቤቱ ጩኸት መዋጡ የደሴ ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሪከንባከር ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣም ጥያቄው ያው ነበር፤ ከትልልቅ ባንዶች መሀል ጊታር እንዴት ይሰማ? መልሱም አየሩን ትቶ ክሩን ራሱን ማዳመጥ ሆነ።

ከማንቂያ ደወል የወጣችው ክብ ናስ

እህቱ እስክትመጣ ጊዜ ነበረን። ከተማው ውስጥ ብዙ ዘመን ሬዲዮና ቴፕ የጠገኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። ወደ እሳቸው ሄድን። ከመሳቢያቸው 27 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ክብ የናስ ቅጠል አወጡ። መሀሏ ላይ ነጭ ሴራሚክ ተለጥፎባታል። ፒዬዞ ትባላለች። ማንቂያ ደወል ውስጥ፣ መጫወቻ ውስጥ፣ የምትጮኸው እሷ ናት። ኤሌክትሪክ ሲሰጧት ትርገበገባለች። ሲያርገበግቧት ደግሞ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች። ትልልቆቹ ድርጅቶች ጊታር ውስጥ የሚለጠፍ ብለው የሚሸጡት ፒክአፕም መሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ በጥራቱና በአሠራሩ ላይ ነው እንጂ በሐሳቡ ላይ አይደለም።

ከጊታሩ ውስጥ፣ ልክ ከብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ ከሚታሰሩበት) ሥር ባለው እንጨት ላይ በሁለት ወገን በሚለጠፍ ቴፕ ለጊዜው አጣበቅናት። ገመዷን በቀዳዳው አውጥተን ሚክሰሩ የመስመር መግቢያ ላይ ሰካን። ልጁ መታ። ቆርቆሮ! ቤዝ የሚባል የለም። ዝናብ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ይመስላል። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። ሽማግሌው ግን ሳቁ። "ልጄ፣ ጥፋቷ የእሷ አይደለም፣ የሰካህበት ቦታ ነው" አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህች ቅጠል በባሕርይዋ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ናት፣ 20 ናኖፋራድ አካባቢ። የሚክሰሩ መስመር መግቢያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 10 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፤ ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ ይሠራሉ። ሒሳቡ ሲሠራ ከ800 ሄርዝ በታች ያለው ሁሉ እየሳሳ ይሄዳል። የጊታር ባዶ ክሮች ከ82 እስከ 330 ሄርዝ ናቸው። ማለትም የስድስቱም ክር መሠረት ከመቁረጫው በታች ነው። መግቢያው 1 ሜጋ ኦም ቢሆን መቁረጫው ወደ 8 ሄርዝ ይወርዳል፣ ምንም አይጎድልም። ቅጠሏ ያቺው፣ ጊታሩ ያው፣ የተለወጠው የተሰካችበት ብቻ ነው። ብዙ ሰው "ይሄ ፒክአፕ ቀሽም ነው" ብሎ የጣለው ዕቃ እንዲህ ተሳስቶ የተሰካ ነው።

ሽማግሌው ከተበላሸ ሚክሰር ላይ አንዲት ቲኤል 072 አይሲ (ድምፅ የምታጎላ ቺፕ) ነቅለው፣ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር መግቢያዋ ላይ አድርገው፣ በ9 ቮልት ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሳጥን ሠሩ። ፕሪአምፕ፣ የመጀመሪያ ማጉያ ናት። ከቅጠሏ እስከ ጃኩ (ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ) የሚሄደውን ሽቦ ሺልድ (የብረት መሸፈኛ) ባለው ቀየሩት፤ ቅጠሏንም በስስ ነሐስ ሸፍነው ከግራውንድ ጋር አገናኟት። ይህ ካልሆነ ቅጠሏ እንደ አንቴና የመብራቱን እንዝዝታ ትሰበስባለች። የሽቦውን ሁለት ጫፍ የሚያገላብጥ ማብሪያ ማጥፊያም ጨመሩ። ምን እንደሚሠራ ከታች እነግራችኋለሁ።

አሁን ቤዙ መጣ። ከልክ በላይ መጣ። ልጁ ክርኑን እንጨቱ ላይ ሲያሳርፍ ቤቱ ይደልቃል። የሸሚዙ ቁልፍ ገላውን ሲነካ ይሰማል። ቅጠሏን ከመሀል ወደ ቀጫጭኖቹ ክሮች ወገን ሳብ አደረግናት፣ ጉምጉምታው ቀነሰ። ቦታዋ ሲታወቅ በሱፐር ግሉ አጥብቀን ለጠፍናት። ለስላሳ ማጣበቂያ ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። ሚክሰሩ ላይ ያለውን የሎው ከት፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን ቁልፍ ተጫንን። አዎ፣ ከስድስተኛው ክር ሥር ትንሽ ይላጫል። ላውንጁ ውስጥ ግን ማንም አልናፈቀውም። እዚያ ታች ያለውን ቦታ የኪቦርዱ ግራ እጅ ይዞታል።

የሚያገላብጠው ማብሪያ ማጥፊያ ፖላሪቲውን ይቀይራል። ከስፒከሩ ዞሮ የሚመጣው ድምፅ የጊታሩን እንጨት ሲገፋው፣ ወይ ከርግብግቡ ጋር አብሮ ይገፋል ወይ በተቃራኒው። አብሮ ከገፋ ይጮሃል። በተቃራኒው ከሆነ ይበርዳል። የትኛው እንደሚሆን በክፍሉና በርቀቱ ይወሰናል፤ ስለዚህ አገላብጦ መስማት ነው። በዚህ ላውንጅ አንዱ ወገን በግልጽ ይሻል ነበር። ከእሱ በተጨማሪ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ላይ ክብ ስፖንጅ ቆርጠን የጊታሩን ቀዳዳ ደፈንነው። 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ነው፤ ትንሽ አስበልጦ መቁረጥ ነው፣ ጥብቅ ብሎ እንዲገባ። የዚያ የ100 ሄርዝ አየር ጉዳይ በዚህ አበቃ ማለት ይቻላል። መልኩ አያምርም። ዘፋኟ "ጊታሩ ጥርሱን የታመመ መሰለ" ብላ ስቃለች።

ላውንጁ ተፈታ። ከበሮው በጊታሩ ቻናል ውስጥ አሁን የሚሰማው በጥቂቱ ነው። ልጁ እንደፈለገ ዘንበል ይላል። ድምፁ እንደ ማይኩ አያምርም፤ ኃይለኛ ምት ሲመታ ፒዬዞ የሚታወቅበት ደረቅ የፕላስቲክ ቃና ብቅ ይላል። በጣት ሲጫወት ግን ደህና ነው፣ እሱ ደግሞ አብዛኛውን በጣት ነው የሚጫወተው።

በዚህ ጊዜ ልጁ ለእህቱ ሊደውል ነበር፣ "ጥሩውን ፒዬዞ አምጪልኝ" ሊል። አቆየሁት። ሰርጉ ገና አልታየም።

ኮምቦልቻ

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዳ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ትገኛለች። ጃኬት ለብሶ የወጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ጃኬቱን ክንዱ ላይ ያደርጋል። ጊታርም ይሰማዋል። የብረት ክር ሲሞቅ ይላላል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። ሚኒባስ እንደወረዱ ወዲያው የሚቃኝ ሰው ሙሽሮቹ ሲገቡ ድጋሚ መቃኘቱ አይቀርም። ጊታሩን ከሣጥኑ አውጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ጥቂት ማቆየት ነው።

ድንኳኑ ሌላ ዓለም ነው። ሞንታርቦው የኪራይ ነው፣ ስፒከሩ ትልልቅ። መድረኩ ጣውላ ነው፣ ጨፋሪ ሲወጣበት ይንቀጠቀጣል። ጄኔሬተሩ ከድንኳኑ ጀርባ ያጉረመርማል። ከበሮው አንድ አይደለም፣ ከሰርገኛው ወገን ሌላም ይመጣል። እልልታው በላይ።

ቅጠሏ እዚህ አልቻለችም። እንጨት የምታዳምጥ ነገር ናት። የጣውላው ድልቅልቅ በወንበሩና በልጁ ጉልበት በኩል ወደ ጊታሩ ይወጣል፣ ስፒከሩም ያንኑ እንጨት ያርገበግባል። ፖላሪቲውን አገላበጥን፣ ስፖንጁን ደፈንን፣ ሎው ከቱን ተጫንን። ለትዝታው ይበቃ ነበር። ሙሽሮቹ ገብተው ጭፈራው ሲሞቅ ግን ድምፁ ትንሽ ከፍ እንዳለ ጮኸች። የሞንታርቦው ባለቤት ከሩቅ በእጁ "ዝጋው፣ ዝጋው" ይላል።

ለጥንቃቄ ከአንድ ጓደኛ የተዋስነው አሮጌ ማግኔቲክ ፒክአፕ በቦርሳ ነበር። ቀዳዳው ላይ በሁለት ቡሎን የሚያዝ፣ ጊታሩን የማይበሳ። ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ፣ ኮይል ነው። የብረቱ ክር ሲንቀሳቀስ ብቻ ይሰማል። እንጨቱን አይሰማም፣ ከበሮውን አይሰማም፣ ጣውላውን አይሰማም ማለት ይቻላል። ለናይለን ክር ግን አይሆንም፤ ናይለን ማግኔቱን ምንም አይለውም። ናይለን የሚጫወት ሰው ይህን ክፍል ይለፈው።

ሰካነው። ድምፁ ወዲያው ከሁሉም በላይ ወጣ። ሁለት ችግር ግን ነበረው።

አንደኛው እንዝዝታ። የተዋስነው ባለ አንድ ኮይል ነው። የኤሌክትሪኩ 50 ሄርዝና ብዜቶቹ፣ የድንኳኑ ጌጥ አምፖሎች፣ ቻርጀሩ፣ ሁሉንም ይሰበስባል። ልጁ ወንበሩን አዙሮ ሲቀመጥ ይቀንሳል፣ ሲመለስ ይመለሳል። ጊታሩን እንደ ቲቪ አንቴና እያዞሩ ሰርግ መጫወት አይቻልም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የጊብሰን ሰው የነበረው ሴዝ ላቨር በ1955 ለፈጠራ መብት ያመለከተበት ሃምባከር። ሁለት ኮይል ጎን ለጎን ተቃራኒ ሆነው ይቀመጣሉ። ሁለቱም እንዝዝታውን ይሰበስባሉ፣ ግን አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል። የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል።

ሁለተኛው የክሮቹ ሚዛን ነው። የቦክስ ጊታር ወፋፍራም ክሮች ብረት ላይ ነሐስ የተጠመጠመባቸው ናቸው። ማግኔቱ የሚያየው ውስጡን ብረት ነው፣ ነሐሱን አያየውም። አንደኛውና ሁለተኛው ክር ግን ራቁት ብረት ናቸው። ስለዚህ ይፈነጥዛሉ፣ በተለይ ሁለተኛው። እዚህ ላይ የእኛ ጨዋታ የራሱ ጠባይ አለው። ልጁ ባቲም ሲጫወት አምባሰልም ሲጫወት ዜማውን እነዚያው ሁለት ክሮች ላይ ነው የሚያወጣው። (ባቲ ራሷ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ናት፤ ሰርገኛው ባቲ ሲሰማ እንዴት እንደሚሆን ልትገምቱ ትችላላችሁ።) ስለዚህ የሁለቱ ክሮች መጉላት በድንኳን ውስጥ ጠቀመው። ኮርድ ሲመታ ግን ሁለተኛው ክር ጆሮ ይወጋል።

ለእህቱ የተላከው መልእክት

ከሰርጉ ማግስት ምርጫው ቀለለ። አንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ፣ ገንዘቡ ካለበት ቦታ ጋር ይሂድ። ላውንጁን ሽማግሌው በሠሩት እንይዘዋለን። ድንኳኑን የሚይዝ ነገር ደሴ ላይ ፈልገን አጣን፣ ስለዚህ የዱባዩ ዕድል ለእሱ ይሁን።

የላክንላት እንዲህ ነበር። ቀዳዳ ላይ የሚገጠም ማግኔቲክ ይሁን። ሃምባከር ይሁን። ከየክሩ ሥር ያሉት ምሶሶዎች በቡሎን ከፍና ዝቅ የሚሉ ይሁኑ፣ ሁለተኛውን ክር ዝቅ ለማድረግ። ባትሪ ባይፈልግ ይመረጣል። ፊሽማን ሬር ኧርዝ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ባትሪ ይፈልጋል፤ እሷም ባትሪ ከሱቅ የምትጠፋው ልክ የሰርጉ ቀን ነው። እህቱ ኤልአር ባግስ ኤም 1 ይዛ መጣች፣ ባትሪ የማይፈልገውን። የጠየቅነውን ሁሉ ያሟላል። በተጨማሪም አንደኛው ኮይል የጊታሩን ገላ እንቅስቃሴ ትንሽ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ከተዋስነው ይልቅ የእንጨት ጠረን አለው። ይህ ነገር በድንኳን ውስጥ በመጠኑ ለጩኸት ያጋልጣል፤ ከቅጠሏ ጋር ግን አይወዳደርም።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። ከሳድሉ (ብሪጁ ላይ ክሮቹ ከሚያርፉባት ቀጭን ዘንግ) ሥር የሚገባው ፒዬዞ ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ገጥመው የሚያመጡት ነው። ለዚህ ጊታር ግን መብሳት ይጠይቃል፤ የሳድሉ ወለል ፍጹም ልሙጥ ካልሆነ አንዱ ክር ጮሆ ሌላው ይሞታል። ያንን ሥራ የማምነው ሰው እዚህ አላውቅም። ጊታር ውስጥ የሚገባ ትንሽ ማይክ ደግሞ ለላውንጁ ከባድ፣ ለድንኳኑ የማይታሰብ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር አይታለፍ። አዲሱን ፒክአፕ መጀመሪያ ሚክሰሩ መስመር መግቢያ ላይ ቀጥታ ሰካነው። ደነዘዘ፤ ብርድ ልብስ የተጣለበት ይመስላል። ማግኔቲክ ፒክአፕ ዝቅተኛ ኦም ያለው መግቢያ ላይ ሲሰካ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፣ ቅጠሏ ወፍራሙን እንዳጣችው። መድኃኒቱም ያው የሽማግሌው ሳጥን ሆነ። 1 ሜጋ ኦሟ ለሁለቱም ሠራች። ሳጥን የሚሠራ ሰው የሌለው ያንኑ ሥራ የሚሠራ አክቲቭ ዲአይ ቦክስ የሚባለውን ሳጥን ይግዛ፤ መግቢያው 1 ሜጋ ኦም ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ከዕቃው ላይ አንብቦ። እውነት ለመናገር፣ የዲአይውን ገንዘብ ከፒክአፑ ገንዘብ ቀድሞ ማውጣት ይሻላል ባይ ነኝ። ጊታሪስቶች ይህን ሲሰሙ ደስ አይላቸውም፤ ሳጥን ለማንም አይታይማ።

የሳጥኗ ባትሪ የሚበራው ጃኩ ሲሰካ ነው። ሰክቶ የተኛ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ከርካራ ድምፅ ይሰማና ፒክአፑን ይረግማል። ጃኩን ነቅሎ መተኛት ነው።

አሁን ያለው ሁኔታ ይህ ነው። ድንኳን ሲሆን ማግኔቲኩ፣ ሁለተኛው ምሶሶ እስከ ታች ወርዶ፣ ስድስተኛው ትንሽ ወጥቶ። ላውንጅ ሲሆን ቅጠሏ፣ ስፖንጁ ተደፍኖ። ማታው ሲጀመር ግን ከበሮው ዝም ይልና ልጁ በ14ኛው ፍሬት ፊት በቆመው ማይክ ብቻውን አንድ አምባሰል ይጫወታል። ይህን የጠየቁት ባለቤቷ ናቸው። ከበሮው ሲነሳ ማይኩ ይዘጋል፣ ቅጠሏ ትከፈታለች።

ልጁ ግን ድንኳን ውስጥ ደስተኛ አይደለም። "የኔ ጊታር አይመስለኝም፣ ሊድ ጊታር የያዝኩ ነው የሚመስለኝ" ይላል። ትክክል ነው፣ አይመስልም። ሁለቱን አደባልቀን፣ ከማግኔቲኩ ብዙ ከቅጠሏ ጥቂት ብንወስድ ይሻሻላል። ለዚያ ሁለት መግቢያ ያለው ሳጥን ያስፈልጋል፤ ሽማግሌው ሁለተኛዋን መስመር ጀምረዋታል። ቲኤል 072 በውስጧ ሁለት ማጉያ ስላላት አይሲ መጨመር አያስፈልግም።

ያልተስማማንበት ጃኩ ነው። በጊታሩ ቂጥ በኩል፣ ማንገቻው በሚታሰርበት ቦታ፣ 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቢበሳ ገመዱ በሥርዓት ይወጣ ነበር። ልጁ እምቢ አለ። ጊታሩን የሰጠው ወንድሙ ነው፣ ማንም አይበሳውም ብሏል። ስለዚህ ገመዱ በድምፅ ቀዳዳው ይወጣና በማንገቻው ዞሮ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰራል፣ ሰው ቢረግጠው ፒክአፑን ነቅሎ እንዳይወስድ።